የጋሼ ጣውላ ጭስ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ካውያው እስኪግል

ለሚጣዬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንዴት ነሽልኝ የኔ ልጅ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ያንን ወፍራም ሹራብ ለብሰሽ ነው የምትወጪው ወይስ እንደ ልማድሽ ወንበር ላይ ጥለሽው? እኔ ደህና ነኝ። ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ ደህና ነኝ። በስልክ ስነግርሽ አታምኚኝም። «ደህና ነኝ» ብዬ ሳልጨርስ ሳሌ ይቀድመኛል፣ ከዚያ በኋላ የማወራውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ወረቀት ላይ ግን አይሳልም። ደብዳቤ የመረጥኩት አንድም ለዚህ ነው። ደግሞም በስልክ ስናወራ ግማሹን ንግግሬን አንቺ ነሽ የምትጨርሺልኝ። ዛሬ የምነግርሽን ነገር ግን ራሴ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ያልሽኝን አልረሳሁም። «እማዬ፣ ወይ ጭሱ ይቁም፣ ወይ ለፈቃድ ስመጣ ቤቱን ሸጠን ይዤሽ እሄዳለሁ» ብለሻል። ስትናገሪ ድምፅሽ ቁርጥ አባትሽን ነው። እሱም ሲፈራ ነበር የሚቆጣው። ፈርተሽልኝ እንደሆነ ስለማውቅ አልተቀየምኩሽም። ግን ሚጣዬ፣ ይህ ቤት አንቺ ዳዴ ያልሽበት ነው። ገመዶቼ የተወጠሩት በዚህ ጓሮ ነው። አንቺ ጋ ስመጣ የማንን አንሶላ ነው የማጥበው? ያንቺን አንድ የትራስ ልብስ ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ልዋል? ስለዚህ የጭሱን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በስልክ የነገርኩሽ በንዴት ስለነበር ግማሹን ብቻ ነው የሰማሽው።

ጋሼ ጣውላን መቼም ታውቂያቸዋለሽ። ስሙን ያወጣሽላቸው አንቺው ነሽ። ትንሽ ሳለሽ፣ ጣውላ ተሸክመው በበራችን ሲያልፉ ፊታቸው አይታይሽም ነበርና «ጋሼ ጣውላ መጡ!» እያልሽ ትጮሂ ነበር። ይኸው ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ፣ ደንበኞቻቸውም ሳይቀሩ፣ በዚሁ ነው የሚጠሯቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወገባቸው እምቢ አላቸውና ገበያው መንገድ ላይ የነበረውን የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ዘግተው ሥራውን ወደ ጓሯቸው አመጡት። ከኛ ጓሮ የሚለየው ያው የጋራው ግንብ ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ የብረት ምድጃ ተከሉ። ኮላ ብርድ አይወድም፣ ክፍሉ ካልሞቀ የወንበር እግር ዛሬ ተጣብቆ ነገ ይላቀቃል ይላሉ። ምድጃው የሚበላው ቁርጥራጭ እንጨትና ሰጋቱራ ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ግን አጭር ነበር። ከጣሪያቸው ብቅ ብሎ አንገቱን ወደኛ ግቢ ዘንበል ያደረገ፣ ልክ ወሬ እንደሚያዳምጥ ጎረቤት።

የመጀመሪያው ቀን የደንበኛዬን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላዎች አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ ጨምቄ አሰጣሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ አንሶላዎቹ ነብር ሆነዋል። ከዳር እስከ ዳር የጥላሸት ነጠብጣብ! በእጄ ላራግፈው ብል ጭራሽ እየተቀባ ሄደ። ደሜ ፈላ። አንዱን የትራስ ልብስ ከገመዱ መንጭቄ ሄድኩና መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው በራቸው ላይ በመቆንጠጫ ሰቅዬላቸው ተመለስኩ። ያን ዕለት አፌን ብከፍት ኖሮ ዛሬ አንገቴን ቀና አድርጌ አልጽፍልሽም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የትራስ ልብሱን በኔ በር ላይ፣ በራሴው መቆንጠጫ ተሰቅሎ አገኘሁት። አጥበውታል። ማጠብ ካልሽው ማለቴ ነው! ሳሙናው በቅጡ አልለቀቀም። ተኩሰውታልም፣ ግን መሃሉ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ሳቄ አመለጠኝ። ያንን የትራስ ልብስ ለማረፊያው አልመለስኩትም። በሌላ ተካሁላቸውና እሱን እኔው ጋ አስቀረሁት። ለምን እንዳስቀረሁት አትጠይቂኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችንም አፍረን ተዘጋጋን። እሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ፣ እኔ ግንባሬን ቋጥሬ አልፋለሁ። ጉዱ የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ውስጤ ትንሽ በረድ ሲልልኝ፣ «ሽማግሌ ናቸው፣ ኮላቸውም መሞቅ አለበት፣ እሳቸው ጠዋት ካነደዱ እኔ ከሰዓት ላስጣ» ብዬ ሥራዬን ገለበጥኩት። ጠዋት ስተኩስ እቆይና ከምሳ በኋላ አሰጣለሁ። ወዲያው ጭሱም ከሰዓት ሆነ! ጠዋቱን ሙሉ ቱቦው ጭጭ ብሎ ይቆይና እኔ የመጀመሪያውን አንሶላ ገመድ ላይ ስጥል፣ ቡልቅ! እሺ ብዬ ወደ ጠዋት ተመለስኩ። በዚያው ቀን ጭሱም ወደ ጠዋት ተመለሰ። ሰውዬው መስኮት ላይ ቆመው፣ ክብሪት በእጃቸው ይዘው፣ ገመዴን የሚጠብቁ መሰለኝ። ያን ሰሞን ነው አንቺ ስትደውዪ «ሆን ብለው ነው! ሊገድሉኝ ነው!» ብዬ የጮህኩብሽ፣ በመሃሉም ሳል ያፈነኝ። አንቺም ያንን ሰምተሽ ነው የቆረጥሽው። አልፈርድብሽም።

የላክሽው ደላላ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጫማውን እንኳ በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ሜትሩን እየጎተተ ክፍሉን ሁሉ ለካ። ያንቺን ክፍል ሲለካ አልጋሽን በጉልበቱ ገፋ አደረገው። እኔ ወዲያው ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣና አየሩን አሸተት አሸተት አድርጎ፣

«እማማ፣ ይሄ ጭስ ሁሌም አለ?» አለኝ።

«ሁሌም! እሑድም አያርፍ!» አልኩት አፌን ሞልቼ።

«እንዲህ ከሆነማ ገዢ ይሸሻል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንን ጭስ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቅሁት። ልጁ ግን አልለቅ አለኝ። «ቤቱን የሚሸጡት ለምን ሆኖ ነው?» አለኝ። «እኔ መቼ ልሸጥ አልኩ? ልጄ ናት፣ በዚህ ጭስ የተነሳ ልትወስደኝ ነው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰል፣ ከግንቡ ማዶ ሲፋጭ የነበረው መጋዝ ድንገት ዝም አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭሱ ቆመ።

አንሶላዎቼ ዓይን የሚያጥበረብሩ ነጭ ሆኑ። የማረፊያው እመቤት እንኳ «ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ። አሁን ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ደስታው ግን አልመጣም። እጄ ልብስ ይሰቅላል፣ ዓይኔ ቱቦው ላይ ነው። መጋዝ የለም፣ መዶሻ የለም። ያንን ኳኳታ ስረግመው ኖሬ፣ ለካ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከሱ ጋር ኖሯል። በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ በሬን አንኳኳች። ለእናቷ ወንበር አሠርታ ነበር። «ጋሼ ጣውላ ሥራ አቁሜያለሁ አሉኝ፤ ታመው ነው እንዴ? ጎረቤት አይደሉ?» ስትለኝ ነፍሴ ወጥታ ገባች። እጄን ሽርጤ ላይ አደራረቅሁና ሄድኩ።

ጓሮ ካለው ክፍላቸው ውስጥ፣ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከበረደው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ኮላ እምቢ ያለው የሴትዮዋ ወንበር እግሮቹን በገመድ ታስሮ ፊታቸው ቆሟል።

«ምን ሆነው ነው እሳት የማያነዱት?» አልኳቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ልጅዎ በጭሱ የተነሳ ልትወስድዎት እንደሆነ ሰማሁ» አሉኝ። «እኔ ብርድ እችላለሁ።»

«ኮላዎስ?»

«እሱ አይችልም» አሉና ፈገግ አሉ።

አንጀቴን በሉት። ግን ታውቂኛለሽ፣ የያዝኩትን ሳልጠይቅ አልወጣም። «እንግዲያው ያኔ ገመዴን እየጠበቁ ሲያነዱብኝ የከረሙት ለምንድን ነው?»

«እኔ?» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔማ እርስዎ ጠዋት እንደሚያሰጡ አየሁና ማንደዱን ወደ ከሰዓት አዞርኩት። እርስዎ ከሰዓት ሆኑ። እሺ ብዬ ወደ ጠዋት መለስኩት። ጠዋት ሆኑ! እኔ እኮ ማስረጃ የሚሰበስቡብኝ መስሎኝ ነበር።»

ተያየን። እኔ ለሳቸው ስል ስሸሽ፣ እሳቸው ለኔ ሲሉ ሲሸሹ፣ ፊት ለፊት ስንጋጭ ከርመናል። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ፣ ቀጥሎ እኔ። ሳቄ ወደ ሳል ሲለወጥ ደንግጠው ኮላ በሚለኩበት ብርጭቆ ውሃ ይዘውልኝ መጡ፣ ውስጡ ሰጋቱራ ይንሳፈፋል። ጠጣሁት። አንዲት ቃል ብንለዋወጥ ኖሮ ያንን ሁሉ አንሶላ ደግሜ ባላጠብኩ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። «ቱቦውን ያስረዝሙታ!» አልኳቸው። ለካ መቀጠያውን ቱቦ ከገዙ ቆይተዋል፣ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ጣሪያ ላይ ያልወጡት ወገባቸውን ፈርተው፣ ሰው ለመለመን ደግሞ አፍረው ነው። «መሰላሉን እኔ እይዛለሁ» አልኩ። አትሳቂብኝ። በማግሥቱ ያንን ከባድ መሰላል በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ዓይኔን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆምኩ። ሁለት ቱቦ ቀጠሉበት። በላዩ የቆርቆሮ ቆብ ሊደፉለት ሲንጠራሩ እግራቸው ከመሰላሉ አግዳሚ ላይ ሸርተት አለ። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ ብዬሃለሁ!»

ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። እሳቸው ቱቦውን አቅፈው ቁልቁል አዩኝና ቀስ ብለው፣ «እሺ፣ ይቺን ብሎን ላጥብቅና እወርዳለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ስንባባል ሁለታችንንም ሳቅ ሳቅ ይለናል።

ምድጃውን አነደዱና ወደኛ ጓሮ መጡ። አንሶላዎቹ መሃል ቆመን አየን። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከጣሪያችን በላይ ሄደ፣ ከዚያ ንፋሱ ወደ ሜዳው ወሰደው። አንድም ጥላሸት አልወረደም። እኔ «ተገላገልን!» ብዬ እጄን አጨበጨብኩ። እሳቸው ግን አላጨበጨቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን በጣታቸው ሲያዞሩት ቆዩና፣

«ጭሱ ከጠፋ፣ ከእንግዲህ ምን ምክንያት ብዬ ነው በርዎን የማንኳኳው?» አሉኝ።

ያጠገቤን አንሶላ አወረድኩና ማጠፍ ጀመርኩ። ገና እርጥብ ነበር። ሳልጠይቃቸው ሌላኛውን ጫፍ ያዙልኝ። ሚጣዬ፣ አንሶላ ለብቻ ማጠፍ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንደኛውን ጫፍ አንቺ ነበርሽ የምትይዢልኝ። ከሄድሽ ወዲህ መሃሉን በአገጬ ቆንጥጬ፣ ዳሩን በእጄ እየዳበስኩ ነው የማጥፈው። ያን ቀን ወደኔ መጡ፣ ጫፉን ከጫፌ ጋር አገናኙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ። አንሶላው ቀጥ ብሎ ታጠፈ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

ብቸኝነት ከብዶኝ ነበር ልጄ። ያልነገርኩሽ፣ ብነግርሽ በማግሥቱ ተሳፍረሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው። አንቺም እዚያ ያለሽ ብቻሽን ነሽ፣ በዚያ ላይ የኔን ጨምሬ ላሸክምሽ አልፈለግሁም። አባትሽን አልረሳሁም፣ አልረሳውምም። ፎቶው ከነበረበት ግድግዳ ላይ አልወረደም። ጋሼ ጣውላ እንኳ ሲገቡ መጀመሪያ ለሱ ነው ባርኔጣቸውን የሚያነሱት። ትናንት ክፈፉ መላቀቁን አይተው ሳይነግሩኝ ወስደው አጣብቀው መለሱት። ኮላው በሙቅ ክፍል የደረቀ ስለሆነ አይላቀቅም።

ሳሌን ደግሞ ነጭ ጋዋናቸውን የማጥብላቸው የክሊኒኩ ሐኪም በማዳመጫ ሰሙልኝ። «ደረትሽ የተጣላው ከጭሱ ጋር ነው፣ ጭሱ ከራቀሽ ይታረቃል» ብለውኛል። አሁን ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚነሳብኝ። ካላመንሽ የዘንድሮ ፈቃድሽን ጠብቂና በጆሮሽ መጥተሽ ስሚ። ፎቶም ላኪ ባልሽው መሠረት የጓሮውን ፎቶ አብሬ አድርጌልሻለሁ። ቱቦው እስከየት እንደሚደርስ እዪው። ያነሳችልኝ የማረፊያው እመቤት ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ካውያውም ግሏል። ጋሼ ጣውላ ባለፈው እሑድ መጡና «በመንገዱ በኩል ዞሮ መምጣት ለወገቤ አልተስማማኝም፤ ግንቡ ላይ ትንሽ በር ብንከፍትስ?» አሉኝ። ለወገባቸው! አንሶላውን ለማጠፍ እንዲመቻቸውም ነው አሉ። በሩን ሠርተው ጨርሰውታል። ልስልስ ያለ፣ ያማረ በር ነው፣ ከሳቸው በኩል ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ስፋቱን ያንቺ ትልቁ ሻንጣ እንዲያልፍበት አድርጌዋለሁ ብለውኛል። «እጀታው በየትኛው በኩል ይሁን?» ሲሉኝ «በሁለቱም» አልኳቸው። «መቀርቀሪያውስ?» ሲሉኝ ደግሞ «መቀርቀሪያ ምን ያደርግልናል?» አልኩ።

ግንቡ ግን አልተነካም። «ከልጄ ቃል ሳይመጣ አንድ ድንጋይ አይነሳም» ብያቸዋለሁ። እሳቸውም «ልክ ነው፣ እንጠብቃት። እንጨት ሲቆይ ይበልጥ ይጠናል» ብለው ተቀምጠዋል። በየቀኑ ግን ደብዳቤ ጻፍሽ ወይ ይሉኛል።

ሚጣዬ፣ ጭሱ ቆሟል። በቃልሽ መሠረት ቤቱ አይሸጥም ማለት ነው። ከዚህ ቤት የማልወጣበትን ምክንያት ግን ግማሹን ብቻ ነው የጻፍኩት። ራሴው እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይቺን እንደ ልማድሽ አንቺ ጨርሺልኝ።

የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ። ጤናሽን ይስጥሽ፣ ማታ ስትገቢ የሞቀ ቤት፣ አንሶላሽን ስታጥፊ ጫፉን የሚይዝልሽ ሰው አይጥፋብሽ። ዓይንሽን በደህና ያሳየኝ። ሹራቡን ልበሺ።

የምትወድሽ እናትሽ

ይህን ጨምሬ ልጻፍ፦ በፎቶው ላይ ከነጮቹ አንሶላዎች መሃል የተሰጣውን ሰማያዊ የሥራ ካፖርት አይተሽ ምንም እንዳትዪ። ጥላሸት ስለነበረበት ነው ያጠብኩት።